አባባ ያለ ዕቅድ የገዛቸው ጌሞች

በቀደም ለታ ከልጄና ከልጇ ጋር ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ ካሉት አዳዲስ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወደ አንዱ ገብቼ ነበር። የልጅ ልጄ ጌም ይገዛልኝ ብሎ ሳምንቱን ሙሉ እናቱን ሲነዘንዛት ከርሟል። ሻጩ ካርቶኑን በምላጭ ሰንጥቆ ዕቃውን ሲያወጣው አዲስ የፕላስቲክ ሽታ ወጣ፤ ከጎማና ከቀለም መሀል ያለ፣ ጉሮሮ ላይ ትንሽ የሚቆም ሽታ። ልጄ «ለገና ነው የተባባልነው፤ እስከዚያ ዋጋውም ይወርዳል» ትላለች። ልጁ «እስከዚያ ያልቃላ!» እያለ በእግሩ መሬት ይመታል። ሻጩ ወደ እኔ ዞሮ «እማማ፣ እርስዎ ይፍረዱን እንጂ» ቢለኝ ፊቴ ጋለ። ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ልጄ ሙቀቱ ነው ብላ ውሃ ልትገዛልኝ ሮጠች። ሙቀት አልነበረም። ሐፍረት ነው፤ ያውም የእኔ ብቻ ያልሆነ፣ የቤታችን ሐፍረት። ይኸው ስንት ዘመን አልፎም አንድ ካርቶን ሲከፈት ይነሣብኛል።

ያን ጊዜ ነቀምቴ እንደዛሬው አልሰፋችም። ከአውቶቡስ ተራ ወደ ጨለለቂ ሲሄዱ መንገዱ ግራና ቀኝ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ቀዩ ጭቃ ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ ዝናቡ የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድበው አስተማሪና ተማሪ ተያይተው ከመቀመጥ በቀር የሚደማመጡት ነገር የለም። ወንዱ ካኪ ሱሪ በኮንጎ ጫማ ነው፤ ትንሽ ያለው ከጉልበቱ በታች የሰፋ የቴትሮን ሱሪ ይለብሳል። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በካርድ ነው። ሸራ ጫማ በሰባት ብር ይገኝ ነበር፤ ሰባት ብር ግን አይገኝም። አዲስ አበባ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ይጠየቃል፤ አውቶቡሱም በየኬላው ሰው እያወረደ እያስፈተሸ ቀኑን ሙሉ ይጓዛል። የእኛ ሱቅ ከአውቶቡስ ተራው ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የእንጨት በር ያለው ነበር። ሳሙና፣ ክብሪት፣ ላምባ፣ ምላጭ፣ ደብተር፣ የባትሪ ድንጋይ፣ በጠርሙስ የተሞላ ከረሜላ እንሸጣለን። ከመደርደሪያው ጀርባ አባባ፣ ግራጫ ጋዋኑን ለብሶ፣ እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ ይቆማል። ስሙ ሳህሌ ነው። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ ወጥቶ፣ መጀመሪያ ሲሬ ላይ መንገድ ዳር ጨው በጣሳ እየሰፈረ ሸጦ፣ ኦሮምኛውን እዚያው ገበያ ላይ ተምሮ፣ ኋላ ነቀምቴ ገብቶ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። እኔን ወርቅነሽን እና ታናሼን ብርሃኑን የወለደን እዚህ ነው።

አባባ ያለ ዕቅድ ምንም አይገዛም ነበር። ስስታም አልነበረም፤ ለለቅሶ፣ ለታመመ፣ ለተማሪ ደብተር እጁ ይፈታል። ለቤታችን የሚገባ ነገር ሲሆን ግን ቀኑ አስቀድሞ መነገር አለበት። እሑድ ራት ላይ፣ እጁን ታጥቦ ከመቁረሱ በፊት፣ እንደ ዜና አንባቢ ጉሮሮውን ይጠርግና «ሰኔ ሳይገባ የወጥ ቤቱ ጣሪያ ይታደሳል። ለመስቀል ለእናታችሁ ጋቢ ይገዛል። ወርቄ አስተማሪ ሆና ስትመደብ የቆዳ ጫማ አላት» ይላል። የተባለው ቀን ሲደርስ የተባለው ነገር ይመጣል፤ አንዴም ቀርቶ አያውቅም። ግድግዳችን ላይ የነበረው ሰዓት ሁለት ዓመት ሙሉ ሲወራለት ኖሮ ነው የተሰቀለው። ያልተነገረለት ነገር ግን ርካሽም ቢሆን፣ ሻጩ ቢለምነውም፣ እጁን ከኪሱ አያወጣም። በረንዳችን ላይ የስፌት መኪና ዘርግቶ የሚሠራው ልብስ ሰፊው ኦቦ ፊጣ በዚህ ይስቅበት ነበር። ኦቦ ፊጣ ጴንጤ ነው፤ የጸሎት ቤታቸው በተዘጋበት በዚያ ዘመን መዝሙሩን በስፌት መኪናው ድምፅ ሸፍኖ ሲያንጎራጉር ይውላል። ሬዲዮው ጠዋት ማታ ስለ ዕቅድ ስለሚያወራ ለአባባ ስም አወጣለት። ማለዳ ሱቁ ሲከፈት «አካም ቡልተኒ፣ ማዕከላዊ ፕላን!» ብሎ ይጮኻል። አባባም «ደህና አደርክ ፊጣ፤ አንተ ሳትታቀድ የተወለድክ!» ይለዋል። ሰው ይስቃል። እኔ በዚያ ስም እኮራ ነበር። የጓደኞቼ አባቶች ሞቅ ሲላቸው የማይረባ ነገር ገዝተው እየገቡ ከሚስቶቻቸው ሲጣሉ፣ የእኛ ቤት ፀጥ ያለ ነው።

ጌም የሚባል ነገር ከተማችን የገባው ብርሃኑ አሥራ አምስት ዓመት ገደማው ሳለ ነው። ሕክምና ቤት የሚሠራ ከውጭ ተምሮ የመጣ ሐኪም ነበር፤ ለልጁ ያመጣለት ነው። ከእጅ መዳፍ ትንሽ የሚረዝም፣ ጠፍጣፋ፣ መሀሉ ላይ መስታወት ያለው ነገር ነው። መስታወቱ ውስጥ የማንጎ ዛፍ ተሥሏል፤ ከሥሩ ዘንቢል የያዘ አንድ ጥቁር ሰውዬ ይቆማል። ማንጎ ከዛፉ ሲረግፍ ሰውየውን በግራ አውራ ጣት ወደ ግራ፣ በቀኝ አውራ ጣት ወደ ቀኝ እያስሮጡ መቅለብ ነው። ሲቀልብ «ጢጥ» ይላል፤ መሬት ሲወድቅበት ደግሞ እንደማልቀስ ያለ ረዘም ያለ ድምፅ ያሰማል። ሦስት ከወደቀ ጨዋታው አለቀ። መብራት የለውም፤ ደህና ብርሃን ከሌለ ሰውየው አይታይም። ልጆቹ «ጢጥጢጥ» አሉት። ብርሃኑ አንድ ዙር ለመጫወት የሐኪሙን ልጅ ቦርሳ ከትምህርት ቤት እስከ ቤቱ ይሸከምለት እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው።

አንድ እሑድ ራት ላይ አባባ ጉሮሮውን ሳይጠርግ ብርሃኑ ቀደመው።

«አባባ፣ ጢጥጢጡን ዕቅድ ውስጥ አስገባልኝ።»

እማማ ጉርሻዋን ይዛ ሳቀች። አባባ አልሳቀም፤ ነገሩን በቁም ነገር ነው የያዘው። «ስንት ነው?» አለ።

«አዲስ አበባ ሰባ አምስት ብር ነው አሉ።»

«ብዙ ነው። ግን ይቻላል። አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ ትቆማለህ፤ ግማሹን በሥራህ ታገኛለህ፣ ግማሹን እኔ እጨምራለሁ። ለመስቀል።»

ብርሃኑ ያን ማታ የበላ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የኛ ሱቅ የእሱ ሆነ። ላምባ ይቀዳል፣ ሳሙና ይቆርጣል፣ ገጠሬውን «አካም ጅርቱ» እያለ ይቀበላል። መስቀል ሲደርስ ግን ለእናት አገር ጥሪ መዋጮ ተጠየቀና የተጠራቀመው ሁሉ እዚያ ገባ። አባባ «ለፋሲካ» አለ። ለፋሲካ እማማ ታመመች። «ለሚመጣው መስቀል።» የአባባ ዕቅድ ቀኑን ሲስት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን አልተረሳም፤ እሑድ እሑድ ስሙ ይጠራል፣ ቀን ይቆረጥለታል። ብርሃኑ አንድ ቀን እንኳ አላጉረመረመም። የሳሙና ካርቶን በምላጭ ቆርጦ፣ ዛፉንና ሰውየውን በእስክሪብቶ ሥሎ፣ ሁለት የወለቀ የልብስ ቁልፍ ሰፍቶበት፣ ከመደርደሪያው ሥር ተቀምጦ በአፉ «ጢጥ፣ ጢጥ» እያለ ሲጫወት አይቼዋለሁ። ሳየው ወደ ውስጥ ደበቀው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ጺሙ ማቆጥቆጥ ጀምሯል።

እኔ ሲሬ አስተማሪ ሆኜ በተመደብኩበት ዓመት አባባ ሁለታችንንም ይዞን አዲስ አበባ ሄደ። ለእኔ የታቀደልኝ የቆዳ ጫማ ሊገዛ፣ ለሱቁ ደግሞ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ ሊመጣ ነው። የመርካቶ ግርግር፣ ከየሱቁ የሚወጣው ዘፈን አንዱ ካንዱ ሲደባለቅ፣ የበርበሬና የአዲስ ብርድ ልብስ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ጫማዬ ተገዛ፤ ቡናማ፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ ፊቱ ላይ ትንሽ ዘለበት ያለው። ካርቶኑን ታቅፌ ስንሄድ ብርሃኑ ሬዲዮና ሰዓት ከሚሸጥበት አንድ ጠባብ ሱቅ ፊት ቆመ። አልጠራንም፤ ዝም ብሎ ቆመ። መስታወቱ ውስጥ ጢጥጢጡ ነበር።

ሻጩ ወጣት ነው፤ ዓይኑ ፈጣን። ወዲያው አውጥቶ ብርሃኑ መዳፍ ላይ አስቀመጠለት። «ጋሼ፣ ለልጅዎ ነው። ሰባ አምስት የነበረው ዛሬ በሃምሳ አምስት ይውሰዱት። ነገ ቢመጡ አያገኙትም።»

ብርሃኑ ሁለቱን አውራ ጣቶቹን አሳረፈበት። ጣቶቹ ቦታቸውን ያውቁታል። ጨዋታው ሲጀምር «ጢጥ» አለ፤ ከዚያ እንደገና «ጢጥ»፤ አንድም ማንጎ አልወደቀበትም። ሻጩ «ይኸው፣ የተፈጠረው ለሱ ነው!» አለ። የአባባን ፊት አየሁት። እጁ ኪሱ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ብሩን እንደያዘ ክርኑ ላይ ያስታውቃል።

«ዛሬ ለዚህ አልመጣንም» አለ በመጨረሻ። «ይሄ የሳሙና ገንዘብ ነው። ለመስቀል ተቆርጦለታል፤ ለመስቀል እኔው ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ።» ብሎ ጢጥጢጡን ከብርሃኑ እጅ ወሰደና መስታወቱ ላይ አስቀመጠው። ሲወስደው ሰውየው ገና እየሮጠ ነበር፤ ማንጎው ሲወድቅ የሚያሰማውን ድምፅ ሦስት ጊዜ አሰምቶ ዝም አለ። ብርሃኑ «እሺ አባባ» ብሎ የጫማዬን ካርቶን ልያዝልሽ ብሎ ተቀበለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም በዚያ ዘመን የኖረ ያውቀዋል። ልጅ ለውትድርና ከኳስ ሜዳ፣ ከገበያ፣ ከፊልም ቤት ደጃፍ የሚታፈስበት ዓመት መጣ። ብርሃኑን የወሰዱት ገበያ ቀን ነው፤ ላምባ ሊያመጣ ወጥቶ። ጀሪካኑን አንዲት ሴት አንሥታ አመጣችልን። እማማ ዳቦና ብርድ ልብስ ይዛ ወደሰበሰቧቸው ግቢ ሮጠች፤ መኪናው ሲወጣ ደርሳ ዳቦውን ለማን እንደወረወረችው አታውቅም። አባባ ሰው ፍለጋ፣ አማላጅ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ሰነበተ፤ የዕድሜውን ነገር ሊያስረዳ፣ ተማሪ መሆኑን ሊናገር። ሰሚ አላገኘም። አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ደህና ነኝ የሚል። ከዚያ ዝም። መስቀል ደረሰ፣ አለፈ። እሑድ ራት ላይ አባባ ጉሮሮውን መጥረግ ተወ። ዝም ብሎ ይቆርሳል።

መስቀል ባለፈ በወሩ ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄደ። ሲመለስ የሳሙናው ካርቶን ከወትሮው ያነሰ ነበር። እማማ «ምነው አነሰ?» ስትለው ካፖርቱን አውልቆ ከውስጥ ኪሱ አንድ ጢጥጢጥ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እማማ አየችው። በነጠላዋ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው። ያ ባይደገም ደህና ነበር። በሚቀጥለው ጉዞው ሌላ ይዞ መጣ። ቀጥሎ ሁለት። አንዱ ፈረስ የሚያዘልል፣ አንዱ ጀልባ የሚያስቀዝፍ ነው። ማንጎ ለቃሚውን ደግሞ መልሶ ገዛው። የባትሪ ድንጋዩ አለቀ፣ ደብተሩ አለቀ፤ መደርደሪያችን ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ክፍት ክፍት እያለ መጣ። ይባስ ብሎ አንዱን ከሣጥኑ አውጥቶ መጫወት ጀመረ። ሃምሳ ያለፈው ሰው፣ ግራጫ ጋዋን የለበሰ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አውርዶ፣ ሱቁ ደጃፍ ብርሃን ፈልጎ ቆሞ። ገዢ «ክብሪት» ሲለው «ቆይ» ይላል። አንዲትም ማንጎ አይቀልብም። ጣቶቹ ለሚዛንና ለገመድ የተሠሩ ወፋፍራም ጣቶች ናቸው፤ ሁልጊዜ ይዘገያሉ። ያ የሚያለቅስ ድምፅ ከሱቃችን ቀኑን ሙሉ ይሰማል። ኦቦ ፊጣ መጀመሪያ እንደለመደው «ማዕከላዊ ፕላን ፈረሰ!» ብሎ ቀለደ። አባባ ቀና ብሎ አየውና መልሶ አጎነበሰ። ከዚያ ወዲህ ፊጣ ያን ስም ጠርቶት አያውቅም።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሲሬ እመጣለሁ። አንድ ቅዳሜ አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ነጋዴዎች ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ያወራሉ። አንዱ «የአውቶቡስ ተራው ጉራጌ፣ ኦቦ ሳህሌ፣ ማል ታቴ? ምን ሆነ?» ይላል። ሌላው «ልጁ ከሄደ ወዲህ እንደ ሕፃን አሻንጉሊት ታቅፎ ይውላል፤ ሱቁን ሊበላው ነው፤ እኔ ከእንግዲህ ዱቤ አልሰጠውም» ይላል። ከጎኔ የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባዬ አባቴ መሆኑን ታውቃለች። ወሬውን ስትሰማ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች፤ ያዘነችልኝ መስሏት ነው። ነጠላዬን ግንባሬ ድረስ ስቤ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። እስከ ነቀምቴ ድረስ ያለው መንገድ እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ከአውቶቡስ ወርጄ ሱቅ ስደርስ ጢጥጢጡ እያለቀሰ ነበር። ሁለት ሴቶች ሳሙና ፈልገው ቆመዋል፤ ልጆች በረንዳው ላይ ተኮልኩለው ይስቃሉ። ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ መደርደሪያውን ዞሬ ገባሁና ያን ነገር ከአባባ እጅ ቀማሁት።

«ሰው እየሳቀብን ነው አባባ!» አልኩት። «አገሩ ሁሉ እየሳቀብን ነው! አንተ ነህ እኮ ያለ ዕቅድ አትግዙ ስትለን የኖርከው!»

አባባ ባዶ እጆቹን ትንሽ አያቸው። ቁጣ የጠበቅሁበት ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«እኔም እንዲሁ ነው ያደረግሁት» አለ። «እጁ ላይ ነበር። ጥሩ አድርጎ እየተጫወተ ነበር። ከእጁ ወሰድኩበት።»

«አባባ፣ እኔ እኮ...»

«ገንዘቡ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ወርቄ። ሳሙናው ቢቀር ማን ይሞት ነበር?» ድምፁ አልጨመረም፤ ሴቶቹ ግን ሳሙናቸውን ሳይገዙ ቀስ ብለው ወጡ። «አሁን መርካቶ ስሄድ በዚያ ሱቅ በኩል ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። እንዳየሁት እጄ ይገባል። ስገዛው ትንሽ ቀለል ይለኛል፤ አውቶቡስ ላይ ስወጣ ደግሞ ይመለስብኛል።»

ጢጥጢጡን መለስኩለት። አልተቀበለኝም፤ መደርደሪያው ላይ ሳስቀምጠው ጢጥጢጡ ሲያለቅስ ቆየና ዝም አለ። እንግዲህ የቱን ልናገር። አባቴን በሰው ፊት አዋርጄዋለሁ፤ እግሬ ላይ ደግሞ ያን ቀን፣ በዕቅድ፣ በቀኑ የተገዛው ቡናማ ጫማ ነበር። ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኜ ወደ ታች ስመለከት ዘለበቱ አበራብኝ። ያን ጫማ ከዚያ በኋላ ለማድረግ ፈቃዱ አልነበረኝም፤ ግን ሌላ ጫማ ስላልነበረኝ እስኪያልቅ ድረስ አድርጌዋለሁ።

አባባ ካረፈ ብዙ ዘመን ሆነው። እማማም ተከተለችው። ሱቁ አሁን የለም፤ ቦታው ላይ ፎቅ ተሠርቶ ባንክ ገብቶበታል። ብርሃኑ ግን አለ፤ ሚስት አግብቶ ልጆች አሳድጎ፣ ጨለለቂ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አለው። ስንገናኝ ስለዚያ ጊዜ አናነሣም። እሱ የረሳው ይመስለኛል፤ ወይም ለእኔ ብሎ ነው።

ያኔ ብርሃኑ ከዘመቻ የተመለሰው ክረምት ሊወጣ ሲል ነው። አውቶቡስ ተራው ውስጥ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው የፈለገ ይመስል ሁሉም እስኪወርድ ጠብቆ ወረደ። መጀመሪያ ያየው ኦቦ ፊጣ ነው። የስፌት መኪናውን ገፍቶ «ኢልመ ኮ! ኢልመ ኮ! ልጄ!» እያለ ጭቃውን አቋርጦ ሮጠ፤ ሊያቅፈው ሲደርስ ቆመ። የወታደር ኮቱ ቀኝ እጅጌ ከክርኑ በታች ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። አባባ ከሱቁ ደጃፍ አልተንቀሳቀሰም። እማማ ናት ገፍታው ያለፈችው።

የዚያኑ ቀን፣ ብርሃኑ ውስጥ እየታጠበ ሳለ፣ አባባ ጢጥጢጦቹን ሁሉ ከእማማ ሣጥን አውጥቶ ማዳበሪያ ውስጥ ከተታቸው። ከመደርደሪያው አጠገብ ካለው የጨው ጆንያ ኋላ ሲደብቃቸው አገኘሁት። «ሁለት እጅ ነው የሚፈልገው» አለኝ፤ እንደተያዘ ሌባ እያየኝ። «እንዳያይ። እንዳትነግሩት። ወደ ሲሬ ስትመለሺ ይዘሽ ሂጂና ለተማሪዎችሽ ስጪልኝ።» እሺ አልኩት። ቅዳሜና እሑዱ አለፈ፤ ብርሃኑ ብዙ አይናገርም፤ የጨው ጆንያው ላይ ተቀምጦ መንገደኛውን ሲያይ ይውላል። በግራ እጁ መፋቂያ ይዞ ጥርሱን ይፍቃል። አባባ ሊያናግረው ይጠጋና የሆነ ዕቃ የፈለገ መስሎ ይመለሳል።

ሰኞ ከሰዓት፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በወጣችበት ሰዓት፣ የጎረቤት ልጅ ከረሜላ ሊገዛ መጣ። ሳንቲሙን አቀበለና መደርደሪያው ላይ ተንጠራርቶ «ጋሽ ሳህሌ፣ ዛሬ ጢጥጢጡን አይጫወቱም?» አለ።

አባባ ከረሜላውን ሰጥቶ ልጁን ሸኘው። ዘወር ሲል ብርሃኑ እያየው ነበር።

«ገዝተሃል እንዴ አባባ?»

አባባ አንገቱ ድረስ ቀላ፤ በዚያ ዕድሜው፣ በጥቁር ፊቱ፣ ሐፍረት እንዲህ ሲያቀላው አይቼ አላውቅም። እኔ ከውስጠኛው ክፍል በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ቦርሳዬን ይዤ ወደ ሲሬ ልሄድ ነው፤ ወደፊትም ወደኋላም መንቀሳቀስ አቃተኝ።

«መቼ ገዛኸው?»

«መስቀል... ካለፈ በኋላ።»

«የት አለ?»

«ብርሃኑ፣ ልጄ፣ እሱ እኮ...»

«አምጣው።»

አባባ ጎንበስ ብሎ ማዳበሪያውን ጎተተ። እጁን ከትቶ ሲፈልግ ዕቃው እርስ በርሱ ሲጋጭ ተሰማ፤ አንድ አለመሆኑ ታወቀበት። ማንጎ ለቃሚውን አወጣ። ብርሃኑ በግራ እጁ ተቀበለውና ሱቁ ደጃፍ፣ ብርሃን ወዳለበት ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ላይ አሳርፎ በአውራ ጣቱ አስጀመረው። ሰውየው ወደ ግራ ሮጠ። «ጢጥ።» አንድ ቀለበ። ሁለተኛው በቀኝ በኩል ወረደ፤ ሰውየው ባለበት ቆሞ ቀረ። አለቀሰ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ኦቦ ፊጣ የስፌት መኪናውን መርገጥ አቁሟል። ብርሃኑ እንደገና አስጀመረው፤ እንደገና በቀኝ ወደቀበት። አባባ መደርደሪያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

«አባባ» አለ ብርሃኑ ዘወር ሳይል፣ «ና እዚህ ተቀመጥ። ቀኙን አንተ ያዝ።»

«እኔ አልችልበትም። ጠይቃት፣ ወርቄ ትንገርህ፤ አንድም ቀልቤ አላውቅም።»

«ና ግድ የለም።»

አባባ ጋዋኑን ሰብስቦ ከአጠገቡ ተቀመጠ። ያን ወፍራም አውራ ጣቱን ቀኙ ላይ አሳረፈ። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው አጎነበሱ። ብርሃኑ አስጀመረው። በግራ «ጢጥ»፣ በግራ ደግሞ «ጢጥ»። አባባ የራሱን ተራ ሳይጠብቅ መናገር ጀመረ፤ ዓይኑ መስታወቱ ላይ ነው፣ ድምፁ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

«ብርሃኑ፣ ያን ቀን መርካቶ... እጄ እኮ ኪሴ ውስጥ ነበረ...»

«አባባ፣ በቀኝ እየወረደ ነው፤ ተጫን!»

አባባ ተጫነ። ዘገየ። ማንጎው መሬት ወድቆ ያ ድምፅ አለቀሰ፤ የአባባም ትከሻ ወረደ።

«ምንም አይደል» አለ ብርሃኑ፣ ፊቱን ከመስታወቱ ሳያነሣ። «ሌላ እየመጣልህ ነው። አሁን ከላይ ሲለቅ ጀምረህ እየው።»